ስልኬ ላይ እንግሊዝኛ ልማር ለምትሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ማታ ማታ በቴሌግራም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ፣ ከዓለም ከተማ ናቸው። አብዛኞቹን በመልክ አላውቃቸውም፤ ድምፃቸውን ግን ከሩቅ እለየዋለሁ። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬዋለሁ። ታዲያ ፈረንጅ ፊት ለምን አፌ ይተሳሰራል?»

የተማራችሁት በዓይናችሁ ስለሆነ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በስተቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል። በተግባር ግን መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያስረዳል፣ እኛ እንገለብጣለን። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ምርጫ ነው። ከኤ እስከ ዲ ካሉት አንዱን ማጥቆር ነው። አፍ የሚከፈትበት ቦታ የለም።

የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እንግዳ ማታ ወርዶ «ስፔር ብላንኪት» አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በእጄ ጽፌው አውቃለሁ። ግን በልቤ ይዤው የኖርኩት «ብላንኬት» ብዬ ነው። እሱ ቶሎ ብሎ ሲለው ሌላ ቃል መሰለኝ። ፎጣ አመጣሁለት። ሰውዬው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ፎጣውን አየው፣ እኔን አየኝ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ በዚያ በኅዳር ብርድ፣ ብርድ ልብስ ሲጠየቅ ፎጣ ያመጣ ሰው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቋንቋው የላችሁም ማለት አይደለም። ዓይናችሁና እጃችሁ ላይ ነው ያለው። ጆሮና አፍ ላይ አልደረሰም።

«ከየት ልጀምር? ከግራመር ነው?»

አይደለም። ከሥራችሁ ጀምሩ።

አንድ ቀን ሙሉ ደብተር ኪሳችሁ ውስጥ ይዋል። ሥራ ላይ ደጋግማችሁ የምትሉትን በአማርኛ ጻፉት። እስከ ማታ አሥር ዓረፍተ ነገር አያጡም። ሰው በቀን የሚለው አዲስ ነገር ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን እየደጋገምን ነው የምንኖረው። እነዚያን አሥሩን ወደ እንግሊዝኛ አምጧቸው። ያ ነው የመጀመሪያው ኮርሳችሁ።

መንገድ ዳር የሚሠራ ጎሚስታ ተማሪ አለኝ። የጻፋቸው እነዚህ ናቸው፦ ጎማው ተንፍሷል። ሚስማር ወግቶታል። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስኮርታ አለህ? ይሄ አይለጠፍም፣ ይቀየር። በቃ። «ዘ ታየር ኢዝ ፍላት»፣ «ዱ ዩ ሃቭ አ ስፔር?»፣ «ኢት ኒድስ ሃፍ አን አወር»። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥራውን በእንግሊዝኛ መሥራት ቻለ። የግራመር ስም አንድም አልነገርኩትም።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሰፋ ልጅ ዝርዝር ደግሞ ሌላ ነው። መርፌው ተሰበረ፣ «ዘ ኒድል ብሮክ»። ክር አልቋል፣ «ዊ አር አውት ኦቭ ትሬድ»። ይሄ መስመር ጠማማ ነው፣ ልፍታው? ለእሷ «ስፔር» ምን ያደርግላታል?

ግራመር በኋላ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሮቹ ሃምሳ ሲሞሉ ራሳችሁ «ለምን እዚህ ዲድ አለ፣ እዚያ ደግሞ ዱ አለ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ያኔ ማብራሪያው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል።

«ስንት ቃል ባውቅ ይበቃኛል?»

ከምታስቡት ያነሰ። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቋንቋው ተማሪዎች ዝግ ያለ የእንግሊዝኛ ስርጭት ጀምሮ ነበር። ዜናውን ያነቡት የነበረው ወደ 1,500 በሚጠጉ ቃላት ብቻ ነው፤ ንባቡም ከተለመደው በአንድ ሦስተኛ ይዘገይ ነበር። የዓለም ዜና በ1,500 ቃል ከተነገረ የእኔና የእናንተ ሥራ ይነገራል።

ዝርዝር ለምትፈልጉ የኦክስፎርድ 3000 የሚባል አለ። መጀመሪያ መታወቅ ያለባቸውን ቃላት የሰበሰበ ነው፤ በነፃ ይገኛል። ግን እንደ ዳዊት ከላይ እስከ ታች አትድገሙት። የምታውቁትን ሰርዙ፣ ለሥራችሁ የሚሆነውን አክብቡ።

«የትኛው አፕ ይሻላል?»

በየሳምንቱ የሚመጣ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፦ የምትከፍቱት አፕ ይሻላል። ስልካችሁ ላይ አምስት ጭናችሁ አንዱንም ካልነካችሁት ቦታ ነው የያዘባችሁ።

እኔ የምልካቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ነፃ ነው። «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የሚባለው ዝግጅታቸው በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ጉዳይ ያወራሉ፣ ስድስት ቃላት ያስተምራሉ። የተናገሩት ሁሉ በጽሑፍም አለ። የብሪቲሽ ካውንስል ለርን ኢንግሊሽ በደረጃ የተከፋፈለ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ቃል ሲያጠራጥራችሁ ደግሞ የኦክስፎርድ ወይም የካምብሪጅ የኦንላይን መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብታችሁ የድምፅ ማጉያዋን ምልክት ንኩ፤ በእንግሊዝም በአሜሪካም አነጋገር ያሰማችኋል። እኔ ያኔ ያቺን ምልክት አውቄያት ቢሆን ሰውዬው በብርድ ባላደረ።

ዱዎሊንጎ የሚባለውን የቋንቋ መማሪያ አፕ በአማርኛ እያስረዳ እንግሊዝኛ እንዲያስተምራችሁ ከጠበቃችሁ አታገኙትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ ብዙ ናችሁ፤ ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት አካባቢ በተለይ። ዱዎሊንጎ ከአረብኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮርስ አለው። የአረብኛ ፊደል ማንበብ የምትችሉ ከሆነ በልፋት ያመጣችሁት ቋንቋ እንደገና ይሠራላችኋል። አንዲት ተማሪዬ ይሄን ስነግራት «ያ ሁሉ ዓመት ለዚህ ይጠቅማል ብዬ መች አሰብኩ» አለችኝ።

«ዳታ ይበላብኛል። ምን ላድርግ?»

ቪዲዮ ተዉ፣ ድምፅ ስሙ። ስድስት ደቂቃ ድምፅ ከ3 እስከ 6 ሜጋባይት ቢፈጅ ነው። ያው ስድስት ደቂቃ ጥርት ባለ ቪዲዮ ከ50 ሜጋ ሊያልፍ ይችላል። ዩቲዩብ የግድ ካስፈለገ ጥራቱን 144 ላይ አውርዱት፤ የሰውዬውን ጢም መቁጠር አይጠበቅባችሁም። ፍጥነቱንም 0.75 ማድረግ ይቻላል።

ቴሌግራም ላይ በራሱ እንዲያወርድ የተፈቀደለትን ነገር ዝጉት። የሠርግ ቪዲዮ ነው ካርዳችሁን የሚጨርሰው፤ እንግሊዝኛው ምስኪን ነው። *999# ውስጥ የሌሊት ፓኬጅ አለ። ማታ አውርዱና ቀን ስሙ።

እና ሁልጊዜ የወረደ ነገር ይኑራችሁ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ነገሩ ለወራት ነው የቆየው። ያን ጊዜ መማር ያላቋረጡት ስልካቸው ላይ ድምፅ ያጠራቀሙት ብቻ ናቸው። አንዱ ልጅ አሥራ አራት ፋይል ነበረው። ዳታው ሲመለስ አሥራ አራቱንም ከነሳሉ በቃሉ ይዟቸው ነበር።

«ከማን ጋር ላውራ? እዚህ ፈረንጅ የለም።»

ፈረንጅ አያስፈልግም። እንደ እናንተ የሚንተባተብ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሁለት ሁለት አድርጌ አጣምራለሁ። አንዷ መሐል ሜዳ ሱቅ አላት፣ ሌላዋ ዓለም ከተማ ነርስ ናት። በዓይን ተያይተው አያውቁም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አሥር ደቂቃ ይደዋወላሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ አሥሩ ደቂቃ እስኪያልቅ አማርኛ የለም። ቃል ሲጠፋ ዙሪያውን መሄድ ነው። ባለፈው የሱቋ ልጅ ቃሪያ የሚለውን አጣችው። «ግሪን፣ ሎንግ፣ ቬሪ ሆት፣ ዊ ኢት ኢት ዊዝ ሽሮ» አለች። ነርሷ ሳቀች፤ ገብቷታል። የቋንቋ ችሎታ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። «ግሪን ቺሊ» የሚለውን በማግስቱ ተማረችው፤ አሁን እስክትሞት አትረሳውም።

ጥንድ ያጣ ሰው ለራሱ ያውራ። ምጣድ ላይ ቆማችሁ «አይ አም ቤኪንግ እንጀራ» በሉ። ጎረቤት ቢታዘብ ይታዘብ። ቻትጂፒቲ የሚባለው፣ ስትጽፉለት እንደ ሰው የሚመልሰው ፕሮግራምም ይሠራል፦ «አንተ የሆቴል እንግዳ ሁን፣ እኔ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፣ አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ፣ ስህተቴን መጨረሻ ላይ ንገረኝ» ብላችሁ እዘዙት። አይሰለቸውም፤ አይስቅባችሁም።

«ሳወራ ይስቁብኛል። አነጋገሬ ይስተካከላል?»

የሐበሻ ቅላፄ መያዝ ነውር አይደለም። ሕንዱም፣ ቻይናውም፣ ናይጄሪያዊውም የየራሱን ይዞ ነው የሚሠራው። ግን ትርጉም የሚያዛቡ አራት ነገሮች አሉን፤ እነሱን አርሙ።

አንደኛ፣ ፊት ላይ የምንጨምራት «እ»። እስፖርት፣ እስቶር፣ እስኩል ብለን ነው ያደግነው። እንግሊዝኛው በ«ስ» ነው የሚነሳው። እንደ እባብ «ስስስ» ብላችሁ ጀምሩና ቀጥሉ።

ሁለተኛ፣ «ፐ»ን «በ» ማድረግ። «ፓርኪንግ» ያልነው «ባርኪንግ» ከሆነ የውሻ ጩኸት ነው። «እዚህ ፓርኪንግ አለን» ልንል «እዚህ ውሻ ይጮሃል» ማለት ነው። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉ፤ «ፐ» ስትሉ ትንፋሽ እጃችሁን መምታት አለበት።

ሦስተኛ፣ ምላስ በጥርስ መሃል የምትወጣበት፣ በእንግሊዝኛ «th» ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ። በፊደላችን አይጻፍም። «ይመስለኛል» ለማለት «አይ ሲንክ» ካላችሁ «እሰምጣለሁ» ብላችኋል። ምላሳችሁን ትንሽ አውጡ። ያሳፍራል፤ መስታወት ፊት ተለማመዱት።

አራተኛ፣ ማጠርና መርዘም። «ሺፕ» ረዘም ካለ በግ ነው፣ አጠር ካለ መርከብ። የመንዝን በግ ለውጭ ሰው የሚሸጥ ተማሪ ነበረኝ። ለሁለት ወር መርከብ ሲሸጥ ከረመ።

መፈተኛ ከፈለጋችሁ የስልካችሁን ኪቦርድ ወደ እንግሊዝኛ አድርጉና ማይክሮፎኑን ነክታችሁ ተናገሩ። ምን ብሎ እንደጻፈ እዩ። በግ ብላችሁ መርከብ ከጻፈ ደግማችሁ በሉት።

«እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ብይዝስ?»

ይሄን ጽሑፍ እንዲያ አድርጌ ስለጻፍኩት አትጻፉ ልላችሁ አልችልም። ለመጀመሪያው ሳምንት ምርኩዝ ነው። ግን አሁን እንዳያችሁት በጉንም መርከቡንም «ሺፕ» ብለን ነው የምንጽፋቸው። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት ድምፁን ስሙ።

«በአማርኛ አስቤ ስተረጉመው ለምን ይበላሻል?»

ይሄ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ለአፍታ ወጣ ልትሉ ስትሉ «መጣሁ» ትላላችሁ አይደል? ገና እየሄዳችሁ! «አይ ኬም» ብላችሁ ከወጣችሁ ግን ፈረንጁ ይደነግራል፤ ለእሱ «ደርሻለሁ» ነው። የሚባለው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው። ቴሌቪዥንና መብራትም እኛ «እንከፍታለን»። «ኦፕን ዘ ቲቪ» ብትሉት ብሎን መፍቻ ፍለጋ ይሄዳል። «ተርን ኦን» ነው። መብራት ሲጠፋ «ዘ ፓወር ኢዝ አውት»። ስልክ ላይ ድምፅ ሲቆራረጥ «ዩ አር ብሬኪንግ አፕ»። ይሄኛውን ዛሬውኑ ያዙት፤ በየቀኑ ያስፈልጋችኋል።

ሌላው ወጥመድ እንግሊዝኛ የሚመስሉን የጣሊያን ቃላት ናቸው። ፋብሪካ የጣሊያን ነው። «አይ ወርክ ኢን አ ፋብሪክ» ብትሉ «ጨርቅ ውስጥ እሠራለሁ» ነው የሚሆነው። «ፋክተሪ» በሉ። መኪና፣ ጎማ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ፌርማታ፣ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ሾፌሮችና መካኒኮች በተለይ ተጠንቀቁ፦ ፍሬን «ብሬክ» ነው፣ ፍሪሲዮን «ክላች» ነው፣ ማርሽ «ጊር» ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለት እየወረዳችሁ ጎናችሁ ለተቀመጠ ፈረንጅ «ፍሬን የለም» ብትሉት ቢያንስ አይደነግጥም፤ ይሄ ጥቅሙ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉም የሚብሰው ነው። «መኪናው አልመጣም?» ስትባሉ በአማርኛ «አዎ፣ አልመጣም» ትላላችሁ። የጠየቀውን ሰው ትክክል ነህ እያላችሁት ነው። በእንግሊዝኛ «የስ» ካላችሁ መጥቷል ማለት ነው። አልመጣም ከሆነ «ኖ» በሉ፤ ጥያቄው ምንም ይሁን። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ ያልመጣ ዕቃ እንደመጣ ተመዝግቦ ሲያጣላ አይቻለሁ።

«እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። ሰው እንዴት ይከበራል?»

አክብሮቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። እኛ «ፓስፖርትዎን ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ ግሱ ውስጥ ገብቷል። ያንኑ ቃል በቃል «ጊቭ ሚ ዩር ፓስፖርት» ካላችሁት የፖሊስ ትዕዛዝ ይሆናል። «ኩድ አይ ሲ ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ?» በሉ። ትዕዛዙን ወደ ጥያቄ መቀየር ነው ሚስጥሩ።

ሰላምታም ያጥራል። እኛ እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና እያልን ግማሽ መንገድ እንሸኛለን። እነሱ አንድ «ሃው አር ዩ» ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። አትቀየሟቸው።

ኢሜል ላይ ደግሞ «ሚስተር» የሚለው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው የሚሄደው። ጆን ስሚዝ የሚባል ሰው «ሚስተር ስሚዝ» ነው እንጂ «ሚስተር ጆን» አይባልም። የእኛን አቶ እንዳለ አትውሰዱት።

«ስለ ሰዓትና ቀን አንድ ነገር በለን።»

ይሄን የምጽፈው እየቆጨኝ ነው። ከሆቴሉ ሥራ በፊት አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ደወለልኝ። ኦንላይን ነው። ሴትየዋ «ቱሞሮው፣ ናይን ኦክሎክ» አለችኝ። «የስ፣ ቴንክ ዩ» አልኩ። በማግስቱ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ከጎረቤት ላፕቶፕ ተውሼ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቁጭ አልኩ። ስክሪኑ ላይ ማንም የለም። ቃለ መጠይቁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ! ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላቸው፤ መልስ አልመጣም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስድስት መጨመር ወይም ስድስት መቀነስ። ጠዋት 3 ሰዓት «ናይን ኤኤም»፣ ከቀኑ 6 ሰዓት «ትዌልቭ ፒኤም»፣ ከቀኑ 9 ሰዓት «ስሪ ፒኤም»፣ ማታ 1 ሰዓት «ሰቨን ፒኤም»። ኤኤም ነው ፒኤም ሳትሉ ስልክ አትዝጉ። ሰውየው ሌላ አገር ከሆነ ደግሞ «ኢስት አፍሪካ ታይም?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ዓመቱም ያው ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ሲቪ ላይ የትውልድና የምርቃት ቀናችሁን አንድ ዓይነት አቆጣጠር ላይ አድርጉ። በፈረንጅ 1998 ተወልጄ በእኛ 2012 ከዩኒቨርሲቲ ተመረቅሁ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወረቀቱ ላይ የአሥራ አራት ዓመት ሊቅ ናችሁ። ወሩን በቁጥር አትጻፉ፤ 05/09 ለአሜሪካዊ ግንቦት ለእንግሊዛዊ መስከረም አካባቢ ነው። በስሙ ጻፉት።

«አስጎብኚ መሆን እፈልጋለሁ። ለአንኮበርና ለጓሳ ምን ልወቅ?»

መጀመሪያ የእንስሳቱን ትክክለኛ ስም። ቀይ ቀበሮን ቃል በቃል «ሬድ ፎክስ» ብትሉት ሌላ አውሬ ነው። «ኢትዮጵያን ውልፍ» ይባላል። ጭላዳ «ገላዳ» ነው፤ ደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት የተነሳ «ብሊዲንግ ሃርት መንኪ» የሚሉትም አሉ። ወፍ ወዳድ እንግዳ ከመጣ ደግሞ በከተማዋ ስም የተጠራች ወፍ አለች፣ «አንኮበር ሴሪን»። ለሳይንስ ያስተዋወቋት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

ከዚያ ታሪኩን በአጫጭሩ። ጓሳን የመንዝ ሰው ለዘመናት ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት መጠበቂያ ሥርዓት ጠብቆት ኖሯል፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነበር። ይሄን በአምስት አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ እንግዳው ዝንጀሮውን ትቶ እናንተን ያዳምጣል። «ዘ ፒፕል ፕሮቴክት ኢት» በሉ፤ ረጅም ቃል አትፈልጉ።

ለአንኮበር አንድ ጨዋታ ልጨምርላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ውል ሊዋዋል መጥቶ ነበር። ያስተረጉምለት የነበረው ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነው። የሸዋ ንጉሥና እንግሊዛዊ በጀርመናዊ አፍ ሲነጋገሩ አስቡት! እንግዶች ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ የእናንተን ስህተት አይቆጥሩም።

«ሲቪና ማመልከቻዬን ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝስ?»

ይጻፍ። ግን የማታውቁትን ቃል አውጡት። ሲቪው ላይ «ሜቲኩለስ» የሚል የተጻፈለት ልጅ ነበር። ቃለ መጠይቅ ላይ «ምሳሌ ስጠን» ሲሉት በሽታ መስሎት «አሁን ድኛለሁ» አለ። ሁለቱም ጠንቃቃ ማለት ናቸው፤ «ኬርፉል» ቢል ምን ነበረበት?

«በሦስት ወር አፍ እንፈታለን የሚሉ ኮርሶች አሉ። ልክፈል?»

እኔ አንዴ ከፍያለሁ። ቻናሉ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍል በነፃ አስገቡኝ በሉ። እዚያ ውስጥ ተማሪው ስንት ደቂቃ እንደተናገረ ቁጠሩ። አስተማሪው ብቻ ካወራ ዩቲዩብ ይሻላችኋል፤ ነፃ ነው። ለሥራ እናስቀጥራችኋለን፣ መጀመሪያ ግን ለምዝገባ ላኩ የሚል ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ ውጡ።

«ሰርተፍኬት ያስፈልገኛል?»

ለሥራው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ አናግረው ነው የሚያዩት። ደረጃችሁን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ኢኤፍ ሴት የሚባል ነፃ ፈተና አለ። 50 ደቂቃ የሚፈጀውን ውሰዱ። ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛው) ባለው መለኪያ የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል።

ለውጭ ትምህርት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና አራት ክፍል አለው፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። ከ9 ነው የሚታሰበው። የዱዎሊንጎ ፈተና ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ይወሰዳል፣ ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል፣ የሚታሰበው ከ160 ነው። ሁለቱም ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት የትኛውን እንደሚቀበል ሳታዩ አትፈተኑ። መብራት ሊጠፋበት የሚችል ቤት ውስጥ የኦንላይን ፈተና መውሰዱንም ሁለት ጊዜ አስቡበት።

«እናቴ ከሃምሳ በላይ ናት። ትችላለች?»

አንዲት እናት አሉኝ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው አሜሪካ ነው። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ አይሰሙም። «ሁልጊዜ በስልክ ፊታቸውን አያለሁ፣ ዲዳ ሆኜ እዘጋለሁ» አሉኝ።

አሥር ዓረፍተ ነገር ምረጡ አልኳቸው። የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ለሐበሻ አይነገርም፤ «በላህ ወይ?» ነው። «ዲድ ዩ ኢት?» የሚለውን ከብት እየጠበቁ፣ ቡና እየወቀጡ አንድ ሳምንት አሉት። እሁድ ማታ ደወሉና ጠየቁት። ልጁ «የስ፣ ግራንድማ» አላቸው። ምን እንደበላ መጠየቅ አልቻሉም። በማግስቱ «ዋት ዲድ ዩ ኢት?» የሚለውን አስተማርኳቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ከስልኩ በኋላ ወዲያው ለእኔ ደወሉ። «ሲሪያል በላሁ ይለኛል። ሲሪያል ምንድነው?»

ማስረዳቱ ረጅም ነው። «እህል ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ።